የአማቴ የበረዶ ሳጥን

ጥቅምት 4

ለተከበሩ አማቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። እርስዎ ደህንነቴን አልጠየቁኝም፤ ደንቡ እንዳይጓደል ብዬ ነው ሳልጠየቅ የመለስኩት።

«የልጄን ልጅ በጠርሙስ ልትሠሩ ነው የሚባለው እውነት ነው?» ብለው ለጻፉልኝ መልሱ ጠርሙስ የለበትም የሚል ነው። ወሬውን ማን እንዳቀበለዎ አውቃለሁ፤ ባሌ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው መነጽር ሲሰካ ይውላል፣ እሱ ግን አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር አጥርቶ አያይም። ስለዚህ እኔው ላስረዳዎ።

ሐኪሞቹ አይ ቪ ኤፍ ይሉታል። ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎቼ ተዘግተዋል። እንቁላሉ አለ፣ ማህፀኑም አለ፣ የጠፋው መገናኛ መንገዱ ነው። በወር አንድ ብቻ የሚበስለው እንቁላል በዛ ብሎ እንዲበስል ሆዴ ላይ በየቀኑ መርፌ እወጋለሁ። በአልትራሳውንድ እያዩ ይከታተሉኛል። ሲደርስ በማደንዘዣ ያስተኙኝና እንቁላሎቹን በቀጭን መርፌ ይቀዱዋቸዋል። በዚያው ቀን ከልጅዎ ዘር ጋር አንድ ትንሽ ሳህን ውስጥ ያኖሯቸዋል። ማንም በግድ አያጋባቸውም፤ ዘሩ ራሱ ዋኝቶ ራሱ ይገባል። በማግስቱ ስንቱ እንደተዋሃደ ይታያል። የተዋሃደው ሽል ጥቂት ቀን ሙቀት ማቆያ ውስጥ ከሰነበተ በኋላ ወደ ማህፀኔ ይመለሳል፤ የቀረው መጠበቅ ነው። ሊይዝ ይችላል፣ ላይይዝም ይችላል። አርባን እየተጠጋሁ ስለሆነ የማይዝበት ጊዜ እንደሚበዛ ሐኪሟ ፊት ለፊት ነግራኛለች።

«ዘሩ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ላሉት፣ ሳህኑ ላይ የኔና የልጅዎ ስም ይጻፍበታል። እርስዎ ልጅዎን ሲጸንሱ ስም የተጻፈበት ምንም ነገር አልነበረም፤ ሰው ግን በቃልዎ አመነዎ።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማሽን ጫጩት ሲያስፈለፍሉ የኖሩ ሰው፣ ልጅዎንም በዚያው ገቢ ያሳደጉ ሰው፣ የማሽን እርዳታ ነውር ነው ሲሉኝ ምን እንደምል ጨንቆኛል። ስልክ ቢያነሱልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ቀለም ባልጨረስኩ ነበር።

የልጅዎ ሚስት


ጥቅምት 16

ለልጄ ሚስት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ማተሚያ ቤት ተቀምጠሽ የሰው ጽሑፍ ስታርሚ ስለምትውይ ጽሑፍሽ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ጸሐፊዋ ላይ ነው።

ስልክ የማላነሳው ንቄሽ አይደለም፤ ንቀቱን በጽሑፍም አሳካዋለሁ። ጆሮዬን የማስፈልፈያው ማሽን ከበላው ቆየ። ደግሞም በስልክ የተባለ ነገር ነገ «አላልኩም» ይባላል።

የማሽን ነገር አንስተሻል። ዶሮ በማሽን ብትፈለፈል ነውር የለውም፤ ዶሮ አማት የላትም፣ ጎረቤት የላትም፣ «የልጅሽ ሚስት እንዴት ሆነች?» ብሎ ገበያ መሃል የሚያቆማት ሰው የለም። እኔን ግን ሰባት ዓመት አቁመውኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንቺው ገና አልተነሳም።

ሕክምና ያልሽውንም ደጋግሜ አነበብኩት። ወንዱንና ሴቱን አንድ ሳህን ላይ አኑሮ እስኪገናኙ መጠበቅ? ለዚህ ነው ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚቀመጠው? እኔም አውራውን ከቄቦቹ ጋር አስገብቼ በሩን እዘጋለሁ፤ ዶክተር ብሎ የጠራኝ ግን የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ይሁን። ልጄ ከፈቀደ እኔ ምን ቸገረኝ። ጫጩቴ በማያውቀው ነገር ገብቶ እንዳይደናገር ግን፣ ወንድ ልጅ ማወቅ ያለበትን ለብቻው ጽፌለታለሁ። ከቤቴም አንድ ዕቃ ልኬለታለሁ። አንቺን አይመለከትም።

የባልሽ እናት


ኅዳር 14

ለተከበሩ አማቴ፣

«ስንቱ ያዘ?» ብለው በልጅዎ በኩል ልከውብኛል። አንድም።

ዘጠኝ እንቁላል ቀድተውልኝ ነበር። ሐኪሟ በኔ ዕድሜ ዘጠኝ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው ብላ እጄን ጨበጠችኝ። በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ስትደውል ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አንዱም አልተዋሃደም አለችኝ። ማተሚያው ስለሚጮኽ ያልሰማኋት መስሏት ደግማ ነገረችኝ።

እንቁላሎቹ ደህና ነበሩ ተብሏል። ዘሩ ነው የማይንቀሳቀስ ሆኖ የመጣው። ከዚህ በፊት ሲመረመር ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ምን እንደነካው አናውቅም አሉኝ። የላቦራቶሪው ሰው ሌላ ናሙና እንዲሰጥ ልጅዎን ቢፈልገው ቢፈልገው አጣው። ቤታችን ቅርብ ስለሆነ ዘሩን ከእቤት በብልቃጥ እንዲያመጣ ፈቅደውለት ነበርና፣ ብልቃጡን በላቦራቶሪው መስኮት አቀብሎ የመነጽር ሱቁን ሊከፍት ሄዷል። ስልኩንም ዘግቶታል። እኔ ማደንዘዣው ውስጥ ነበርኩ። ማምሻውን ከሞተው መሃል ትንሽ የሚላወስ ፈልገው ከእንቁላሎቹ ጋር አኖሩት። ከዚያ በላይ ምን ያድርጉ?

ሰውነቴ ካገገመ በኋላ አንዴ መሞከር እንችል ይሆናል። ሐኪሟ «አንዴ» ስትል ጣቷን አነሳች፤ ሁለተኛ ጣት አልጨመረችም። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም።

የልጅዎ ሚስት


ኅዳር 26

ለልጄ ሚስት፣

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል አሉ። በልጄ ላይ ጣት ለመቀሰር ዘጠኝ ባዶ እንቁላል አስቀድተሽ ነበር?

የወለድኩትን አውቀዋለሁ። የምሰጠውን አደራ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያጎድል ነው የሚፈጽመው። አሁንም ያልኩትን አንድ ሳያስቀር አድርጎ፣ ማድረጉንም ጽፎልኛል። ዘር አያያዝ ላይ እኔን የሚያስተምር ሐኪም ገና አልተወለደም። እንቁላል ማሽን እስኪገባ ድረስ በቀዝቃዛ ክፍል ነው የሚቀመጠው። አስቀድሞ ሙቀት ያየ እንደሆነ ያለ ጊዜው ይነቃና ይበላሻል። ይህን የኔ የግቢ ጠራጊ ያውቃል። ለሩቅ ደንበኞች እንቁላል የምልክበትን ሳጥን የሰጠሁት ለዚሁ ነው። ከታች በረዶ ደልድሎ፣ ብልቃጡን በረዶው መሃል ቀብሮ፣ ከላይ በጨርቅ ሸፍኖ ነው የወሰደው። ከዚያ ሳጥን ወጥቶ የተበላሸ ነገር እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ስለዚህ ጉድለቱ የማን እንደሆነ አንቺው አስቢው። እኔ ቤት በመብራት ታይቶ ባዶ የሆነ እንቁላል ተመልሶ ማሽን አይገባም። ጫጩቴም ገና ጎልማሳ ነው። ይህን የምለው ለመጉዳት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የባልሽ እናት


ታኅሣሥ 6

ለአማቴ፣

ሥራዬ ሰው ያላየውን ስሕተት ማየት ነው። ደብዳቤዎን ሳነብ መሃሉ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ «በረዶው መሃል ቀብሮ» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ልጅዎ አጠገቤ እራት እየበላ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ።

የወንድ ዘር የዶሮ እንቁላል አይደለም። ከወጣበት ሰውነት ሙቀት ጋር እንደተመሳሰለ፣ ደረት ኪስ ውስጥ ተደርጎ በፍጥነት መድረስ አለበት። በረዶ ውስጥ ከገባ ይሞታል። ይህን ነርሷ ለልጅዎ በቃል ነግራዋለች፤ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ራሱን ሲነቀንቅ አይቼዋለሁ። «ታዲያ ለምን?» ብዬ ብጠይቀው ምን እንዳለኝ ልንገርዎ? «እማዬ ናት ያለችኝ» አለ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰው እንዳይስቅበት ሳጥኑን መኪና ውስጥ ትቶ ብልቃጡን ብቻ ስላቀበላቸው ሐኪሞቹ ምን እንደደረሰበት አላወቁም። ስልኩን የዘጋውም ስላፈረ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ስሰማ እስቅ ነበር፤ ከእናቱም እንደማያስጥል አላወቅኩም።

እንቁላሎቼ ባዶ አልነበሩም። ደህና ነበሩ፣ ቀኑን ሙሉ ጠበቁ፣ የሚመጣ ጠፋ። ሆዴ እስኪበልዝ የተወጋሁት ለእነሱ ነው። ነርሷ የደወለች ቀን ማተሚያ ቤቱ ሽንት ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ወጥቼም እስከ ማታ የሌላ ሰው የሰርግ ጥሪ ካርድ አረምኩ። የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ እንባው አልቆ ነበር።

ጠልቼዎታለሁ ብል ይቀለኛል። ጥላቻ ውስጥ ትንሽ ክብር አለ። እኔ ግን ንቄዎታለሁ። የማያውቁትን ያውቃሉ፣ ያልተጠየቁትን ይመልሳሉ፣ በሰው ሆድ ላይ በዶሮ ሕግ ይፈርዳሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለው፣ ከመጀመሪያው የናቁት እኔን ነው፤ አጥር አድርገው የነቀነቁት ግን የገዛ ልጅዎን ነው።

ከእንግዲህ ልጅዎ ስለዚህ ጉዳይ ለእርስዎ አንድ ቃል አይጽፍም። ምሏል። ያለቀሰውም በዚህ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የልጅዎ ሚስት


ጥር 8

ለልጄ ሚስት፣

መልሱን ያዘገየሁት አንዱ ማሽን ተበላሽቶብኝ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት።

ሐኪሞችሽ ግን የሚገርሙ ናቸው። በረዶ የሚጎዳው ከሆነ ግድግዳ ላይ በትልቁ አይጽፉም? በቃል ነገርነው ይላሉ። ለወንድ ልጅ በቃል የተነገረ ነገር የት ይደርሳል? ይህን ለማወቅ መውለድ አያስፈልግም፤ ማግባት ይበቃል።

ያልሽውን እንዲሁ አልተቀበልኩም። የዶሮ ሐኪማችን ክትባት ሊሰጥ ሲመጣ፣ የአንድ ዘመዴ ጉዳይ ነው ብዬ ጠየቅሁት። መርፌውን እንደያዘ ሳቀ። «እማማ፣ ሰው እኮ ዶሮ አይደለም» አለኝ። ከዚያም ያንቺኑ ቃል ደገመው። ሠራተኞቼ ቆመው ይሰሙ ነበር። በገዛ ግቢዬ እንዲህ የሳቀብኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሌላ ሐኪም እየፈለግሁ ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ቀዝቃዛው ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። እንቁላሎቹን ማገላበጥ ነበረብኝ፤ ያን ቀን ሌላ ሰው አገላበጣቸው።

ሁለተኛ ትሞክራላችሁ ወይ? ሳጥኔንም መልሺልኝ፣ ለሥራ እፈልገዋለሁ።

የባልሽ እናት


የካቲት 20

ለአማቴ፣

ሳጥኑን አጥቤ፣ አድርቄ በጭነት መኪና ልኬዋለሁ። ሲደርስዎ ለአምጪው ይፈርሙለት።

ሐኪሙን ማባረርዎን ልጅዎ ሲሰማ ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበርና፣ ለዚህ ብቻ አመሰግንዎታለሁ።

ስለ ሌላው ጥያቄዎ መልስ የለኝም። ባለፈው ጊዜ ስላወቁ ምን እንደሆነ አይተነዋል። ዝም አይነቅዝም።

የልጅዎ ሚስት


ነሐሴ 12

ለልጄ ሚስት፣

ሳጥኑ ከደረሰኝ ወዲህ ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ መንገድ ላይ ጠፍተው ከሆነ ይህን እንዳይጠፋ በአደራ ልኬዋለሁ። ካልጠፉ ደግሞ አስተዳደግሽን አይቼበታለሁ።

ጫጩቴ ስለ አየር ጠባይና ስለ መነጽር ክፈፍ ብቻ ይጽፍልኛል። ስለ ክፈፍ ይህን ያህል የሚጻፍ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። ምሎልሻልና እንዲያፈርስ አልገፋፋውም። በሆዴ ግን ማሐላ መጠበቅን ከኔ ሳይሆን ካንቺ መማሩ ቆጭቶኛል።

መኖ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ባለፈው ሳምንት እናንተ ከተማ ነበር። ከማተሚያ ቤት ስትወጪ አይቶሻል። «ወገቧን በእጇ ይዛ፣ ቀስ እያለች ትሄድ ነበር» አለኝ። ወገብማ ሲቀመጡበት ከዋሉ ይታመማል፤ የኔም ያመኛል። «ከፊት በኩልስ?» አልኩት። «እኔ የሰው ሚስት ሆድ አላይም» አለኝ። ይህ ሰው በሚዛን ሲያጭበረብረኝ ስንት ዓመቱ፤ ጨዋ መሆን ያማረው ለዚች ቀን ነው!

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሕይወቴን ሙሉ እንቁላልን በመብራት አይቼ ጫጩት አለ፣ የለም እላለሁ፤ አንዴ አይቼ አልፋለሁ። የገዛ ልጄን ቤት ግን ማየት አቃተኝ። አለ ወይስ የለም? አንድ ቃል ነው። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ይህም ልመና አይደለም።

የባልሽ እናት


ጥቅምት 1

ለአማቴ፣

አራቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የመጨረሻውን ለልጅዎ አነበብኩለት። መልስ እንድጽፍ ሲለምነኝ ከርሟል፤ እኔ ደግሞ ለጥያቄዎ የሚመጥን መልስ እስካገኝ ቆየሁ።

ሐኪሞቹ በሁለተኛው ጊዜ ያደረጉት ያንኑ ነው። ያው መርፌ፣ ያው ማደንዘዣ፣ ያው ስም የተጻፈበት ትንሽ ሳህን። ልዩነቱ ልጅዎ ነው። ባዶ እጁን ክሊኒኩ ድረስ መጣ፣ ናሙናውን እዚያው ሰጠ፣ ሱቁንም ሳይከፍት ውሎ ስልኩን በእጁ እንደያዘ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። ነርሷ ስትወጣ ስትገባ «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» እያለ አሰልችቷታል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እሱን ግን ማንም ሳያስረው ነው ያን ቀን የተቀመጠው። ማግስቱን የደወለችልኝ ያችው ነርስ ናት። ማተሚያው ይጮኽ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ግን እያወቅሁ አስደገምኳት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሙሽራ ሆኜ ግቢዎ በመጣሁበት ሰሞን፣ ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት እጀታውን ስይዝ እጄን መቱኝ። ያስታውሱታል? ሠራተኞችዎ ፊት ነበር። «መፈልፈያው በደረሰበት ሰሞን በር አይከፈትም» አሉኝ። «ከፈትሽው ማለት እርጥበቱ ይሸሻል፣ ጫጩቱም ቅርፊቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የቸኮለ ሰው ውጭ ቆሞ ይጠብቅ።» እጄ ሳይሆን ፊቴ ነበር የቀላው። ስምንት ዓመት ሙሉ በልቤ ቂም ይዤብዎት ኖሬያለሁ።

ከእርስዎ ከሰማሁት ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት ግን ያ ነው። ስለዚህ በራስዎ ሕግ እመልስልዎታለሁ። በሩ አይከፈትም። ውጭ ይቁሙ።

የልጅዎ ሚስት


ጥቅምት 11

ለምራቴ፣

እጅሽን መምታቴ ልክ ነበር። ዛሬም ብትከፍቺው እመታሻለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው «በደረሰበት ሰሞን» የሚለው ላይ ስደርስ መነጽሬ ጉም ለበሰና ጨርቅ ፈለግሁ። ልጄ የላከልኝ መነጽር ነው፤ ጥሩ ዕቃ አይደለም።

ማሽኖቹን ለሠራተኞቼ ትቼ ትናንት ማታ ከተማችሁ ገብቻለሁ። ከቤታችሁ ማዶ ካለው ማረፊያ ቤት ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። አልጋው ያሳፍራል፣ በሩ አይገጥምም፣ ሻዩ ውሃ ነው። በመስኮቱ ግን የእናንተ መብራት ይታያል። ሲበራና ሲጠፋ አያለሁ፣ ሌላ የማየው የለም። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የማረፊያው ዘበኛ ነው። እንዳይገባ፣ በበሩ ሥር አሾልኮት እንዲመለስ ነግሬዋለሁ።

መልስ አትጻፊ፣ ከተኛሽበትም አትነሺ። ለጫጩቴም እዚህ መሆኔን ካልፈለግሽ አትንገሪው። ስትፈልጉኝ መጋረጃውን ግለጡ፤ ሳትፈልጉኝ ብትቀሩም መጥቼ አላንኳኳም። ምክር አልሰጥም። የምጠብቀው ውጭ ነው።

ሳጥን አልያዝኩም።